በሶ የበላ ራዲያተር

ሰውን መናቅ ኃጢአት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ተነግሮኛል። ያም ሆኖ እናቴን ከነዕቃዋ ከግሼ ወደ ሐዋሳ እንዲወስድልኝ የተከራየሁትን የአይሱዙ ሾፌር ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ናቅኩት፤ እስከ ዛሬም ንስሐ አልገባሁበትም። ከመኪናው ወርዶ ጎማዎቹን በጫማው ጫፍ አንድ በአንድ መታ መታ አደረገና፣ ኮፈኑን ሳይከፍት፣ ዘይቱን ሳያይ፣ «አንበሳ ናት» አለኝ። አንበሳዋ ከፊት በኩል ታንጠባጥባለች። ከሥሯ ያለው አፈር ረጥቦ ጭቃ ሆኗል።

«ይኼ ውኃ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ላብ ነው መምህር። ዳገቱን ስትወጣ አልቧት ነው» ብሎ ሳቀ። የሳቀው ብቻውን ነው።

መምህር ያለኝ ሥራዬን ስለነገርኩት ነው፤ ምነው ባልነገርኩት። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል በሰሌዳ ላይ ነው። ያለን አንድ ሞተር ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚጎበኝ ነው፤ ተነሥቶ አያውቅም። ስለዚህ የሚያፈስ ራዲያተር ሳይ አውቀዋለሁ፤ ውኃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ዓይኔን ጨፍኜ እሥላለሁ፤ ቁልፍ ይዘህ ፍታው ቢሉኝ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ይህን ለሾፌሩ አልነገርኩትም። እሱ ግን እጄን አይቶ ሳያውቅብኝ አልቀረም።

እናቴ መሄድ አትፈልግም ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲጠፋ፣ ትኑር ትሙት ሳላውቅ ወራት ያለፉበት ጊዜ ነበር። መንገዱ ተከፈተ በተባለ በሳምንቱ ሄጄ፣ አብረሽኝ ካልሄድሽ ሥራዬን ትቼ እዚሁ እቀመጣለሁ ብዬ አስፈራራኋት። ውሸቴን ነው። እሷም ውሸቴን መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም በአሥረኛው ቀን «እሺ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እናቴ እምቢ ስትል ትጮኻለች፣ ምክንያት ትደረድራለች፣ አባቴን ከመቃብር ትጠራለች። ዝም ብላ እሺ ካለች ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ይህ እሺታ የሚቆየው መኪናው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ደብረ ብርሃንን ካለፍን መመለሱ ይርቅባታል፤ አዲስ አበባን ካለፍን መንገዱም ይጠፋባታል፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ናት። መንዝ ውስጥ ከቆምን፣ የአገሯን ሰውና የአገሯን ገብስ እያየች የማሰቢያ ጊዜ ካገኘች ግን አበቃልኝ። ያን ቀን እግዚአብሔርን የለመንኩት ሳንቆም ከመንዝ እንዲያወጣን ብቻ ነው።

ዘመዶቻችን ሊሰናበቱ መጡ። ከአባቴ ተዝካር ወዲህ ደጃፏን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች አንገቷን አቅፈው ተንሰቀሰቁ። ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው አንድ የአጎቴ ልጅ ነው፤ እያለቀሰ ጎተራዋን በዓይኑ ይለካል። ዕቃው ሲጫን እናቴ ወፍጮዬ ካልተጫነ ንቅንቅ አልልም አለች። የእጅ ወፍጮ፣ ከነመጁ፣ ድንጋይ ነው እንግዲህ፤ አራት ሰው እየተራገመ ጫነው። ሐዋሳ እህል የሚፈጨው በመብራት ነው ብላት፣ «መብራት ሲጠፋስ?» አለችኝ። በዚህ በኩል ሐዋሳም ከግሼ አይሻልም።

ከፊት፣ በሾፌሩና በእኔ መካከል አስቀመጥናት። መሐል ሜዳ ሳንደርስ የናፍጣው ሽታ አጥወልውሏት ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ነፋስ ይሻለኛል፣ ከኋላ ልሁን አለች። አልጋዋ ተፈታቶ ፍራሹ ከጭነቱ በላይ ተነጥፎ ስለነበር፣ በቁምሳጥኑና በወፍጮው መካከል አመቻቸንላት። ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባናዋን ከሥር አንጥፋ፣ ነጩን ጋቢ ከላይ ደርባ፣ አቧራውን ፈርታ ፊቷን ሸፍና ተኛች። ደህና ነሽ ወይ ስላት ከጋቢው ሥር «ንዳ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መንዳቱ የእኔ አልነበረም እንጂ እኔስ ደስ ባለኝ።

መሐል ሜዳ ስንገባ ሾፌሩን ጋራዥ ግባ አልኩት። የሙቀት መለኪያው ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሰውየው መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጺሙን አሻሸ።

«የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ መምህር። የአገሬን፣ የዓለም ከተማን ቁልቁለት ያለ ፍሬን የወረድኩ ሰው ነኝ። ለዚች ነጠብጣብ ጋራዥ ብገባ ምን ይሉኛል?»

ሌላ ሰው ፍሬን ሳይኖረው ቁልቁለት ከወረደ ያፍራል፣ ወይም ስለት ይሳላል። ይህ ሰው እንደ ሙያ ይቆጥረዋል። ደግሞም «ምን ይሉኛል» ያላቸው እነማን እንደሆኑ አላውቅም፤ በመሐል ሜዳ ጎዳና ላይ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየንም። እኔ ግን አልተከራከርኩትም። ጋራዥ ከገባን ልንቆም ነው፤ መቆም ደግሞ አልፈልግም። ከሱ ትዕቢት ጋር የኔ ፍርሃት ተስማማና አለፍን።

ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንሄድ እንፋሎቱ ተነሣ። ቆመን ከወንዝ ውኃ ቀድተን ሞላነው። ሁለተኛ ጊዜ ስንቆም ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ገብቶ ወጣና፣ «ምን ስንቅ ይዛችኋል?» አለኝ። የራበው መስሎኝ እናቴ ለመንገድ ያዘጋጀችውን የበሶ ከረጢት ሰጠሁት። አልበላም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ በእፍኙ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስተኛም ደግሞ ሞጀረበት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«በሶ ሙቅ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል። ቀዳዳውን ይደፍነዋል።»

«ቀዳዳውን ብቻ ነው የሚደፍነው? ውስጡ ያሉት ቧንቧዎች እኮ ከገለባ የቀጠኑ ናቸው።»

«ይኼ በሰሌዳ ላይ ነው መምህር» አለና ክዳኑን ገጠመው። እጁ ላይ የቀረውን በሶ ላሰ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላሉ። የሚያናድደው ግን ነጠብጣቡ መቆሙ ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሰው ተጓዝን። ሰውየው እያፏጨ፣ በየመታጠፊያው ወደ እኔ እያየ፣ ምንም ሳይናገር ሰደበኝ። ዳር ዳሩ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል። ከዚያ አንድ ረጅም ዳገት መጣ። በዳገቱ ወገብ ላይ የገንፎ ሽታ ሸተተኝ። ጥሩ ገንፎ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ወዲያው ኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ፈነዳና መኪናው በእንፋሎት ተሞላ። ክዳኑን ለማየት ስጠጋ እንፋሎቱ ዓይኔን ለበለበኝ፤ ዓይኔ ቀልቶ እንባዬ ይወርድ ጀመር። ሾፌሩ ቁልቁል እያንደረደርኩ አስነሣታለሁ ብሎ መኪናዋን ወደ ኋላ አንሸራተተና ፊቷን ወደ መጣንበት፣ ወደ መሐል ሜዳ አዞራት። አልተነሣችም። እንዲሁ እንደዞረች፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ መንገድ ዳር ቆመች። እናቴ ይህ ሁሉ ሲሆን እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ያለፈውን ሌሊት ሙሉ አልተኛችም ነበር።

ሾፌሩ በሚያልፍ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሜካኒክ ሊያመጣ ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰ። «አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም» አለኝ። የሾፌር አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ኅዳር ነው። ፀሐይ አለች፣ ነፋሱ ግን አጥንት ይሰብራል። ጃኬቴን ከጭነቱ ሥር ቀብሬዋለሁ። ከእናቴ ዕቃ ላይ አንድ ነጠላ መዘዝኩና እንደመጣልኝ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆነ። ጥለትን ወደ አንገት አድርጎ መልበስ የሐዘን አለባበስ መሆኑን ልጅ ሳለሁ አውቅ ነበር፤ ሐዋሳ ውስጥ ነጠላ የሚያለብሰኝ በዓል ሲመጣ ሚስቴ ስለሆነች ረስቼዋለሁ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ የቀላ ዓይኔን በእጄ ይዤ፣ ሾፌሩንም ራሴንም እየረገምኩ ቆየሁ።

መጀመሪያ የመጡት ከቀየት ገበያ የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ናቸው። መኪናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አህዮቻቸውን ለቀው ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው መጣ ብዬ ሰላም አልኳቸው። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ብቻ መለሱልኝ። ቀጥሎ ከማሳው ውስጥ ገብስ ያጭዱ የነበሩ ወንዶች ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። ከላይ ከመንደሩ ሌሎች ወረዱ። ሁሉም ዝም ብለው ይመጣሉ፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድም ሰው ምን ሆነህ ነው አላለኝም። አንድም ሰው ኮፈኑን ቀና ብሎ አላየም።

ይህ ሕዝብ መቀመጥ ይወዳል አልኩ በልቤ። በዚህ ደመና መቋጠር በጀመረበት ሰዓት፣ አንድ ዝናብ ቢጥል የዓመት ልፋታቸው በሚበሰብስበት ሰዓት፣ ሥራ ፈትተው የተበላሸ መኪና ሊያዩ ይሰበሰባሉ። አገሬን ለቅቄ በመውጣቴ ልክ እንደነበርኩ፣ እናቴንም ከነዚህ መካከል ማውጣቴ ጽድቅ እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት። አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ወረዱና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉኝ። ለመኪናም ቄስ ይመጣል እንዴ ብዬ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

እነሱ ያዩት ሌላ ነበር። ፊቱን ወደ መሐል ሜዳ ያዞረ መኪና፣ የአሮጊት አልጋና ቁምሳጥን፣ ፍራሽ ላይ ከእግር እስከ ራሷ በነጭ የተሸፈነች ሴት፣ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ ያደረገ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው። በዚያ አገር የማንም ሬሳ በደጃቸው ሲያልፍ ዝም ብለው አያሳልፉትም፤ የቆመ እንደሆነማ የራሳቸው ነው። ሐዘንተኛንም ማን ሞተብህ፣ በምን ሞተ ብለው አያስጨንቁትም። አብረው ይቀመጣሉ፣ ያለቅሱለታል፣ እሱ በራሱ ጊዜ ሲናገር ይሰሙታል። እኔ ቶሎ ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ንቄያቸው ዝም አልኩ።

ከሴቶቹ አንዷ ተነሣች። ደረቷን አንድ ጊዜ መታ አድርጋ፣ ሳትጮኽ፣ ድምፅዋን ከሩቅ እንደሚመጣ አድርጋ፣ ማልቀስ ጀመረች።

«ከሩቅ መጣሽ አሉን፣ ጎዳሽ ወይ መንገዱ፣
ከደጅሽ ሳትደርሺ፣ እግሮችሽ ከበዱ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ልነሣና፣ ኧረ አልሞተችም፣ ራዲያተር ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ሠላሳ የሚሆን ሰው አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል፤ ወንዶቹ ሳይቀሩ። ለማያውቋት ሴት። ሴትዮዋ ቀጠለች፦

«ቤቷን በትከሻው፣ ተሸክሞ ሲሄድ፣
እሷን ግን የት ያድርግ፣ ልጇ በዚህ መንገድ።»

በዚህ መካከል ጋቢው ተንቀሳቀሰ። እናቴ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች፣ ፊቷን ገለጠች፣ ሰዉን ዙሪያውን አየችው። ቄሱ በስመ አብ ብለው አማተቡ። አንዷ ሴት ተነሥታ ሮጠችና አህያዋ ጋ ስትደርስ ቆመች። የቀረው ሰው ባለበት ደረቀ።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለች እናቴ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እርስዎ ነበሩ እናቴ» አሉ። «ይቅር ይበሉን። ልጅ እናቱን በአገሯ ሊቀብር ሲመልስ መስሎን ነው።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። ብዙ አልቆየችም፤ ግን ያን ያህል የከበደ አተያይ አይቼ አላውቅም።

«ታውቁኛላችሁ?» አለቻቸው።

«አናውቅዎትም።»

«ታዲያ?»

«በደጃችን ቆሙ እኮ» አሉ ቄሱ፤ ሌላ ምክንያት የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም።

እናቴ እጇን ዘረጋችልኝና ከጭነቱ ላይ ደግፌ አወረድኳት። ቀጥ ብላ ወደ አልቃሿ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። «ያን ስለ ቤት ያልሽውን ድገሚልኝ» አለቻት።

«ኧረ እሜቴ፣ በሕይወት ላለ ሰው አይባልም» አለች ሴትዮዋ፣ አፍራ ፊቷን በነጠላዋ እየሸፈነች።

«አንዴ ብለሽዋል። እንቅልፍ ላይ ሆኜ ግማሹ አመለጠኝ።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ፣ ያለ ዜማ፣ ደገመችላት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችና ዓይኗን ጠረገች። «ደህና አድርገሽ ነው ያለቀስሽልኝ» ብላ አመሰገነቻት። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ድንገት ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ሰዉ ሁሉ እያማተበ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

ለሐዘንተኛው ብለው ከመንደር ያወረዱት ንፍሮ ነበር፤ ባቄላና ስንዴ። ሐዘን ከሌለ መልሱት አይባልም፤ ተዘረጋና ተበላ። እናቴ ከግሼ ከመነሣታችን ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመሰችም ነበር፤ እኔ እርጅና ነው ብዬ ነበር። የራሷን የቀብር ንፍሮ በእፍኟ እየዘገነች፣ ከማያውቋት ሴቶች ጋር ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ውርጩ እያወራች በላች። የማን ወገን እንደሆነች ጠየቋት፤ ቆጠረችላቸው። አንዱ ገበሬ አያቱ ከአያቷ ጋር በአንድ ማኅበር ይጠጡ እንደነበር ደረሰበት። በመንዝ ሁለት ሰው ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ ሳይዛመድ አይነሣም። ይህንንም ድሮ እንቀው ነበር።

ሾፌሩ ሜካኒኩን ይዞ ሲመጣ የተሰበሰበውን ሰው ከሩቅ አይቶ ቀለሙ ተለወጠ። ከሚኒባሱ ዘሎ ወረደና፣ «ማን ሞተ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለችው እናቴ፣ ንፍሮዋን እያላመጠች።

ሜካኒኩ ራዲያተሩን ፈቶ ሲገለብጠው የወጣውን ነገር ልገልጸው አልፈልግም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አሸተተውና፣ «ይህን ያደረገ ማን ነው?» አለ። ሾፌሩ ወደ እኔ ጠቆመ። «መምህር ነው» አለ። ሜካኒኩ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ስንቅ ውዬ የተናቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ባልሠራሁት። ልከራከር ፈለግሁና ተውኩት። የሠራሁት ሌላ ጥፋት ስለነበር አቅም አጣሁ።

መኪናው እየተሠራ ሳለ እናቴ ጠራችኝ። ሰዉ እዚያው ነው፤ ቄሱ አጠገቧ ናቸው፤ ሁሉም ይሰማል።

«ሐዋሳ ብሞት እንዲህ የሚመጣልኝ ማን ነው?» አለችኝ።

«እድር አለን እማዬ። ድንኳን ይተክላሉ።»

«ድንኳኑንስ ይትከሉ። ማን ይገባበታል?»

ሐዋሳ ከበራችን ፊት ለፊት የሚኖረውን ሰው አሰብኩ። በአንድ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ደረጃ፣ ስድስት ዓመት ወጥተን ወርደናል። የማውቀው ጫማውን ነው፤ በር ላይ ያወልቃል። በበላያችን ያሉት ዕቃ ሲጎትቱ እናዝንባቸዋለን፤ በታቻችን ያሉት እኛ ስንጎትት ያዝኑብናል። ከዚያ ወዲያ የምንተዋወቅበት ነገር የለም።

«የሥራ ባልደረቦቼ አሉ» አልኩ።

«ይመጣሉ። ይፈርማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አይቼዋለሁ፣ ያባትህ ለቅሶ ጊዜ ከዚያ የመጡትን። እኔ የምልህ፣ አንድ የሚያለቅስልኝ ሰው ጥራልኝ።»

«እኔ አለሁልሽ እኮ።»

«አንተማ ልጄ ነህ፤ ልታለቅስ ግድህ ነው። ሌላ ጥራልኝ።»

አንድ ሰው ፈለግሁ። በእውነት ፈለግሁ። ሚስቴን ልጠራ ነበር፤ ሚስቴና እናቴ በስልክ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር አይተዋወቁም። ኮሌጁን፣ ሠፈሩን፣ ባለ ሱቁን፣ ዘበኛውን በልቤ ዞርኩ። ገበሬዎቹ እያፈሩልኝ መሬት መሬቱን አዩ። ያ ከሁሉ ይብስ ነበር፤ ቢስቁብኝ እመርጥ ነበር።

«መልሰኝ» አለች እናቴ። አልጮኸችም፣ አባቴንም አልጠራችም። ጋቢዋን አጣፍታ ተነሣች።

ብዙ ተናገርኩ። ስለ ሐኪም ተናገርኩ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት ተናገርኩ፣ ታመሽ ማን ያነሣሻል አልኳት። ሁሉም እውነት ነው፤ ዛሬም እውነት ነው። አንዱንም አልካደችም። እውነትህን ነው፣ እውነትህን ነው እያለች ሄዳ ጭነቱ ላይ ለመውጣት እጇን ለአንዱ ገበሬ ሰጠች። ቄሱን በዓይኔ ለመንኳቸው፤ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ ብዬ። እሳቸው ግን መስቀላቸውን አሳለሟት።

ሾፌሩን እንመለሳለን ብዬ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «ፊቷ እንደሆነ ወደዚያው ነው» አለ። መዞርም አላስፈለገንም።

ሰዉ ከማሳው ዳር ቆሞ ሸኘን፤ ከዚያ ማጭዱን አንሥቶ ወደ ገብሱ ተመለሰ። መሐል ሜዳን አልፈን ወደ ግሼ ስናቀና እናቴ ከኋላ ተቀምጣ፣ ፊቷን ገልጣ፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም ትል ነበር። አንድ ጊዜም አላስመለሳት።

ዕቃው ወረደ፤ ወፍጮው እንደገና በአራት ሰው እርግማን ወረደ። ሁለት ቀን አብሬያት ቆየሁ። በሦስተኛው ጠዋት ፈቃዴ አልቆ ስነሣ እስከ ደጅ ሸኘችኝ። ልብሴን አራገፈችልኝ፤ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ።

«ስሞት ይልኩብሃል» አለችኝ።

«እንዲህ አትበይ።»

«ይልኩብሃል። መንገዱ ከተዘጋ ግን እንዳትንገላታ። ባትደርስም ግድ የለም፤ እኔ ሰው አለኝ።»

ይህን ያለችው ልታጽናናኝ ነው። ጉንጬን ሳመችኝና ብርድ ይመታሃል፣ ሂድ አለችኝ።